አስፋልቱ እስኪጀምር

እኛ የኖርዌይ ሰዎች ሰላም የምንባባለው ዛፍ መብቀል ካቆመበት ከፍታ በላይ ነው። ከዚያ በታች፣ ጎረቤት ቁልፉን ሲያንቃጭል ከሰማን ደረጃው ጭር እስኪል ድረስ ከበራችን ጀርባ ትንፋሻችንን ውጠን እንቆማለን። ከዚያ በላይ ግን ዘመድ እንሆናለን። አይተነው ለማናውቅ መንገደኛ «ነፋሱ እንዴት ይዟችኋል?» እንላለን። ብርቱካን ልጠን ግማሹን ለባዳ እንሰጣለን። ያደርንበትን ጎጆ ለቀን ስንወጣ ማን እንደሚመጣ ሳናውቅ እንጨት ፈልጠን፣ ባልዲውን ሞልተን፣ አመዱን ጠርገን እንሄዳለን። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ለዚህም ይሆናል የሚጥሰው የሌለው።

ሲግነን ግራ ያጋባት ይኸው ሕግ ነው።

ሲግነ የኦስሎ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት አክስቷ ቬንከ ናቸው። አክስት ቬንከ ከአባታቸው የወረሱት የጥብቅና ቢሮ አላቸው፣ ልጅ ግን የላቸውም፤ ስለዚህ በሚመጣው ሰኞ ሲግነ ፈርማ የቢሮው ሸሪክ ልትሆን ነው። «ከመፈረምሽ በፊት ሳንባሽ ይታጠብ» ብለው ዮቱንሄይመን ተራራ ላይ፣ ከመንገድ መሪ ጋር በእግር ወደሚደረግ የአንድ ሳምንት ጉዞ ያመጧትም እሳቸው ናቸው። ሳንባዋ ታጠበ። ልቧ ግን አረንቋ ውስጥ ገባ።

ምክንያቱ መንገድ መሪው ነው። ኤንድረ ይባላል፤ ከተራራው ግርጌ፣ ከቫልድረስ ሸለቆ፣ የበግ አርቢ ልጅ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጠባብ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚናገረው ቢሰበሰብ አንድ ፖስትካርድ አይሞላም። ነገር ግን ሲግነ ወደ ኋላ በቀረች ቁጥር የጫማው ክር ይፈታል። ጎንበስ ብሎ ያስራል፤ እሷ ስትደርስ ይነሳል። ክሩ እንዲህ እምቢ ያለው መንገድ መሪ በዚያ ተራራ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ጉዞው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት፣ ሲግነ አላስችል አላት።

«አክስቴ፣ የሌሎቹ ክፍል ምድጃ አጠገብ የተደረደረው ጥድ ነው። የእኛ በርች ነው። ትናንትም በርች ነበር።»

ጥድ ይንጣጣል፣ ይጮኻል፣ ቶሎ አመድ ይሆናል። ቅርፊቱ ነጭ የሆነው በርች ግን ቀስ ብሎ ነዶ እስኪነጋ ያሞቃል። እንጨት የሚያውቅ ሰው ለማን በርች እንደሚሰጥ ያውቃል።

አክስት ቬንከ የሱፍ ካልሲያቸውን ከመሳብ ቀና አላሉም። «እኔ ሰባ ልደፍን ነው። ለአሮጊት በርች ይሰጣል። ወጉ ነው።»

«ብርቱካኑን ሁልጊዜ ከእኔ ጋር መካፈሉስ?»

«ብርቱካን ያካፈለኝን ሁሉ አግብቼ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ የአገሩ ወንድ ግማሹ ባሌ ነበር።»

«የጫማው ክርስ?»

«እሱ ርካሽ ክር ነው።» አክስት ቬንከ አሁን ቀና አሉ። «ስሚ ልጄ። ተራራ ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው። እኔ ራሴ እዚህ ላይ በፍርድ ቤት ለረታኝ ሰው ሾርባ አካፍያለሁ። ከታች ባየው ግን ላለመገናኘት መንገድ እሻገራለሁ። ይሄ ልጅ ደግሞ የበኩር ልጅ ነው። በዚህ መከር የአባቱን እርሻ ይረከባል፤ የተረከበ ሰው እዚያው እርሻው ላይ እንዲኖር ሕግ ያስገድደዋል። ያገባው በጎቹን ነው፣ አንቺ የት ልትገቢ?»

ከማዶው ጠረጴዛ ኦድቫር ተቀምጠዋል። በርገን ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቡናማውን አይብ እየላጩ፣ «ለምን አትጠይቂውም?» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይጠየቅም። አክስት ቬንከ፣ ሰው በማዕድ ላይ ስለ አንጀቱ ሕመም እንዳወራ ሁሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኦድቫርም ጥፋታቸው ገባቸው።

«ስለ አየሩ ማለቴ ነው» አሉ። «ስለ አየሩ ጠይቂው።»

ከውጭ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ሲግነ እያንዳንዱን ምት ደረቷ ላይ ተቀበለችው። ለማን እንደሚፈለጥ ሳታውቅ።

*

ቀትር ላይ ሸንተረሩን ጭጋግ ወረሰው። ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም የተቀባው የመንገድ ምልክት ከአንዱ እስከ ሌላው መታየት አቆመ። ኤንድረ ሁሉንም በአንድ መስመር አስልፎ ፊት ፊት ሄደ። ሲግነ ከጀርባው ናት። ከእሷ በኋላ አክስቷ፣ ከዚያ ኦድቫር፣ ከዚያም ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ሆኖም ከጭጋጉ ውስጥ የሚሰማው ሳልና የእግር ኮቴ ብቻ ነበር።

ትጠይቀው ዘንድ ይህን የመሰለ ጊዜ አይገኝም። አፏን ከፈተች።

«አየሩ እንዴት ነው?» አለች።

ኤንድረ ዞሮ አያት። አፍንጫው ጫፍ ላይ የጤዛ ጠብታ ተንጠልጥሏል። «ጭጋግ ነው» አላት።

«እሱንማ አየሁት።»

«አዎ» አለ። ትንሽ ሄደና፣ «ከታች ይጠራል» ሲል ጨመረ።

ከዚያ ጅረቱ ጋ ደረሱ። መሻገሪያው ውሃ ውስጥ የተደረደሩ ድንጋዮች ናቸው፤ ጭጋጉ አርሶ አሟልጧቸዋል። ኤንድረ መሃል ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሲግነ ጓንቷን አውልቃ ነበር፤ እሱም አውልቋል። እጁ ሞቃትና ሻካራ፣ አውራ ጣቱ ሥር በመጥረቢያ የተቆረጠ አሮጌ ጠባሳ አለው። አንድ ድንጋይ፣ ሌላ ድንጋይ፣ ሣር። ተሻገሩ።

እጇን አልለቀቀም።

ጥቂት ተራመዱ። ሣሩ ደረቅ ነው፤ የሚያንሸራትት ነገር የለም። ጭጋጉ ሁለቱን ብቻ ይዞ ሌላውን ዓለም የዋጠው መሰላት። ሲግነም፣ ሰው በጣም ሲደሰት እንደሚሆነው፣ መናገር ያልነበረባትን ተናገረች።

«ድንጋዩ አልቋል እኮ» አለችው።

«አትልቀቀኝ» ማለቷ ነበር። ቢያንስ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ትርጉሙ እንደዚያ ነበር።

ኤንድረ እጇን ፍም እንደያዘ ሰው ለቀቀው። «ይቅርታ» አለ። «ልማድ ነው። እንግዶችን ስናሻግር…» አልጨረሰውም። ጅረቱ ጋ ተመልሶ ለአክስት ቬንከ እጁን ዘረጋ። ለኦድቫርም ዘረጋ። የሁሉንም እጅ ያዘ፣ ሁሉንም ሣሩ ላይ ለቀቀ።

ወይስ የኦድቫርንም እጅ ትንሽ አቆየው? ሲግነ ቆማ አየች። እውነት ለመናገር ሊለይላት አልቻለም። የራሷን እጅ ኪሷ ከተተች። እጇ የሱን ሙቀት ይዞ ቆየ፤ እሷ ግን ምን እንደያዘች አላወቀችም።

*

የመጨረሻው ጎጆ ሐይቅ ዳር ነው። ቦርሳቸውን አውርደው እራት እስኪደርስ ድረስ ሲግነ ወደ እንጨት ቤቱ ሄደች። ኤንድረ ጀርባውን ሰጥቷት ይፈልጣል። ግራው ላይ የጥድ ክምር፣ ቀኙ ላይ የበርች ክምር። የበርቹ ያንሳል፤ ግን ተመርጦ፣ ቅርፊቱ ተገልብጦ በሥርዓት ተደርድሯል።

«በርቹ ለማን ነው?» አለችው። እንዲህ በቀጥታ መጠየቋ ራሷን አስደነገጣት።

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። «ለአክስትሽ። ይበርዳቸዋል ብለሽ ነበር።»

«እሺ።»

«መጀመሪያ ላይ» አለ ኤንድረ።

መጥረቢያው ወረደ። ግንዱ ለሁለት ተከፈለ።

«መጀመሪያ ላይ ማለት?»

«አክስትሽ፣ እንደሚያንኮራፋ ሰው ሁሉ፣ እንቅልፋቸው ከባድ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምድጃው ጠፍቶ አንቺ ተሸፋፍነሽ ተቀምጠሽ አየሁሽ።» ፍልጡን አንስቶ በርቹ ላይ አስቀመጠ። «ለማንም ሰው ቢሆን አደርገዋለሁ።»

«ለማንም?»

«ጥያቄው እሱ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። «ለማንም ብዬ ነው የጀመርኩት። የት ላይ እንደተለወጠ አላውቅም።»

ሲግነ የጥድ ክምሩን ተደገፈች። አሁን ሁሉም ነገር የሚጠራ መስሏት ነበር። ኤንድረ ግን መዳፉን እያየ ቀጠለ።

«አምና አንዲት ሴት ነበረች። እንደ አንቺ ከኦስሎ። ሳምንቱን ሙሉ አብራኝ ሳቀች፤ አንድ ማታ አለቀሰችም። ብርቱካኗን ሁልጊዜ ከኔ ጋር ነበር የምትከፍለው። የገና በዓል ሲደርስ ለዕቃ ግዢ ኦስሎ ወረድኩ። ትራም ፌርማታ ላይ አየኋት። ስሟን ጠራሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ የትራሙን የሰዓት ሰሌዳ ማንበብ ጀመረች። ሁለት ትራም አለፈ፣ እሷ ግን ታነባለች።»

«እኔ እሷ አይደለሁም።»

«እሷም እዚህ ላይ ሳለች እሷ አልነበረችም።»

«ኤንድረ…»

«አልፈርድባትም። ሁሉም እንደዚያ ነው። በየሳምንቱ አያለሁ። ነገ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ተመልከቺ። የሾርባ ማንኪያ ሲዋዋሱ የከረሙ ሰዎች ስልካቸውን ያወጣሉ፤ ኔትወርኩን እንደ ጠፋች እናታቸው ያዩታል። ከዚያ ማንም ማንንም አያውቅም። ነገ ይኸው መንገድ መምራቴ ያበቃል። ከነገ ወዲያ በጎቹን ከተራራ እናወርዳለን፤ እርሻውን እረከባለሁ። እዚያው ነው የምኖረው።»

«መቼ ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽም። ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

ሲግነ ተናደደች። በሱ ይሁን፣ በትራሟ ሴት ይሁን፣ በበርች ዛፍ ይሁን አታውቅም። «እሺ፣ ምን ባደርግ ነው የምታምነኝ? ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ምን ላድርግ?»

ኤንድረ አሰበ። የምሩን አሰበ፤ ቅንድቡ ተጠጋጋ። «አላውቅም» አለ። «ማንም አድርጎት አያውቅም።»

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና ኦድቫር ባዶ ቅርጫት ይዘው ገቡ። ሁለቱን አዩ። የበርቹን ክምር አዩ።

«ለኔ ጥድ ይበቃኛል» አሉና አንድም ሳይወስዱ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ።

ኤንድረ ተነስቶ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለ። ወጥቶ ሄደ። ሲግነ አንድ የበርች ፍልጥ አንስታ አሸተተች። ለአክስቷ ነው፤ ለማንም ነው፤ ለእሷ ነው። ሦስቱም ያው አንድ ዓይነት ይሸታሉ።

*

በማግሥቱ አየሩ እንዳለው ጠራ። ድንክዬው የበርች ቁጥቋጦ በመከር ቅጠሉ ተራራውን ሁሉ አቅልቶታል፤ ቢግዲን ሐይቅ ከታች እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። መውረጃው ላይ የኤንድረ የጫማ ክር አንዴም አልተፈታም። ሲግነ ሦስት ጊዜ ሆን ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ሦስቱንም ጊዜ አክስቷ ናቸው የጠበቋት።

አስፋልቱ ጀመረ። ስልኮች ወጡ። ያኔ በእኛ ዘንድ የጉዞ ሁሉ መቋጫ የሆነው ወግ ተጀመረ፤ ሁሉም ተራ በተራ ይጨባበጣል፣ «ለጉዞው አመሰግናለሁ» ይላል። ይህ ቃል እንደ በር መዝጊያ ነው። ከተባለ በኋላ የሚባል የለም። ኦድቫር ኤንድረን ጨበጡ፣ አመሰገኑ። አክስት ቬንከ ጨበጡ፣ አመሰገኑ፤ ስለ በርቹም ለብቻ አመሰገኑ። ኤንድረ ሲግነ ጋ ደረሰና እጁን ዘረጋ።

ያንን እጅ፣ ያንን ጠባሳ አየች። ብትጨብጠው ያበቃል።

እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

የኤንድረ እጅ አየር ላይ ቀረ። የተዘረጋ እጅ አለመጨበጥ በእኛ አገር ከስድብ ይከፋል፤ ሌሎቹ ሁሉ ሐይቁን ድንገት የወደዱ ይመስል ወደዚያ ዞሩ። ኤንድረ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ፊቱ ላይ የታየው ንዴት አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ስትቆም እንደ ፈራው ሆነች፣ እንደ ትራሟ ሴት፤ እንግዲህ ምን ይላል። ሲግነ ይህን ፊቱ ላይ አነበበችና ልታስረዳው ፈለገች። አውቶቡሱ ግን መጣ።

አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንደምንቀመጥ የማያውቅ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ጥንድ ወንበር፤ እሱ መስኮቱ ጋ፣ ቦርሳው አጠገቡ። ኤንድረም በዚሁ መስመር ሄዶ መንገድ ላይ እርሻቸው ጋ ስለሚወርድ ወደ ፊት ተቀመጠ፤ ቦርሳውን አጠገቡ አደረገ። ኦድቫር ሌላ ጥንድ ያዙ። አክስት ቬንከ የመጨረሻውን ረድፍ ያዙና ሲግነ ስትጠጋ ቦርሳቸውን አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ አደረጉ። «ሳምንቱን ሙሉ አብረን ነበርን የኔ ልጅ። አሁን ሰላም ስጪኝ።»

ሲግነ መተላለፊያው ላይ ቆመች። አውቶቡሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በግራ ባዶ፣ በቀኝ ባዶ። ሾፌሩ በመስተዋት ያያታል፤ ሞተሩ ይጉረመረማል። እግሯ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ተነሳ። ወደ ፊት ሄደችና ኤንድረ አጠገብ ቆመች።

«ይህ ቦታ ተይዟል?»

ኤንድረ ቦርሳውን አየ፤ ከዚያ እሷን። ከዚያ፣ ተሳስታ እንደሆነ ብሎ፣ ዙሪያውን አየ።

«ሌላ ባዶ ወንበር አለ እኮ» አላት።

«አይቻለሁ።»

ኦድቫር መስኮቱ አጠገብ የተለጠፈውን የአደጋ ጊዜ መመሪያ በጥሞና ማንበብ ጀመሩ። ከኋላ የአክስት ቬንከ ድምፅ መጣ።

«ሲግነ፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም፣ አክስቴ።»

ኤንድረ ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ሲግነ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ተነሳ። ቦርሳው ትልቅ ነበር፤ ከኋላው የሚታየው ጆሮው ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ድንክዬው በርች ቀልቷል። የጃኬቶቻቸው እጅጌ ተነካካ። ማናቸውም ክንዳቸውን አላሸሹም።

ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «ስላልጨበጥኩህ» አለች፣ ፊት ለፊት እያየች። «ከጨበጥኩህ ያልቃል ብዬ ነው።»

አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ በነጭ ፕላስቲክ የተጠቀለለ የድርቆሽ ክምር አለፈ።

«ሕግ ጥሰሻል» አለ ኤንድረ።

«ሁለት ሕግ» አለች ሲግነ። ጭኑ ላይ ያለው ቦርሳ ተነቃነቀ። እየሳቀ ይሁን ሌላ ነገር፣ በጆሮው ብቻ ለማወቅ አልቻለችም።

ሸለቆው ሰፋ። ከቁልቁለቱ ላይ ቀይ የእንጨት ጎተራ ታየ፤ ከመንገዱ ዳር፣ ድሮ የወተት ገንቦ ይቀመጥበት በነበረው መደብ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከውሻ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። ኤንድረ ቁልፉን ተጫነ፤ «ይቆማል» የሚለው መብራት በራ።

መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው «አሳልፊኝ» አይልም። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ይስባል፣ እወርዳለሁ ማለቱ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ይገባዋል፣ ይነሳል፣ መንገድ ይሰጣል። ማናችንም ይህን ቃል በአፋችን ተናግረነው አናውቅም።

ኤንድረ ዚፑን ያዘ። ቀስ ብሎ፣ ሰው ቀስ ማለት በሚችለው ልክ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ሳበው። አገጩ ሥር ሲደርስ የሚሳብ ነገር አልቀረውም። አሁንም አላያትም።

ሲግነ ዞር አለች። አክስት ቬንከ ከመጨረሻው ረድፍ መስኮቱን እያዩ ነው፤ ሽማግሌውን፣ ውሻውን፣ ጎተራውን ሁሉ አይተዋል። ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ ለማንበብ ሲግነ ሙሉ ዕድሜዋን ብትሞክርም ተሳክቶላት አያውቅም።

«ሰኞ ፊርማ አለ» አሉ አክስቷ ለመስታወቱ። ከዚያ፣ ሳይዞሩ፣ «ጓንትሽን እንዳትረሺ» አሉ።

ይሄ ፈቃድ ይሁን ቁጣ ማን ይንገራት? አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። የምትወርደው ለአንድ ቀን የበግ ማውረጃ ይሁን፣ ለዕድሜ ልክ፣ ወይስ የምትነሳው እንደ ማንም ሰው መንገድ ልትሰጠው ብቻ ይሁን፣ እሷም አላወቀችም። ይህን ሁሉ ሳታውቅ እጇ የራሷን ጃኬት ዚፕ አገኘው። ግማሽ ላይ ተያዘባት። ኤንድረ ከቦርሳው ጀርባ ወጥቶ አያት፤ ያንን ዚፕ አየ፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንደሚያየው አየ።

ሲግነ በኃይል ሳበችው። እስከ አገጯ ድረስ።